በጀርመንኛ ብቻ

ሰኞ 6

መምህራችን «በየቀኑ ማስታወሻ በጀርመንኛ ጻፉ» ብሎ ስላዘዘን ይህን ደብተር ገዛሁ። ሞከርኩ። የወጣልኝ ይህ ነው፦ ዛሬ ዝናብ ነው። ሸሚዝ እተኩሳለሁ። ባሌ ሩቅ ነው። ከዚያ በኋላ እስክሪብቶዬን ይዤ ተገትሬ ቀረሁ። ሦስቷን መስመር በብጣሽ ወረቀት ገልብጬ አስረክበዋለሁ፤ ደብተሩን ግን ለራሴ አድርጌዋለሁ። እዚህ በአማርኛ ልተንፍስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባሌ ወዳለበት አገር ለመግባት የጀማሪዎችን የጀርመንኛ ፈተና ማለፍ አለብኝ። የምስክር ወረቀቱ ከሌለኝ ኤምባሲው ማመልከቻዬን አይነካውም። ባለፈው ጊዜ ጽሑፉን አልፌ ንግግሩ ላይ ወደቅሁ። ፈታኟ «ከየት ነው የመጡት?» ብትለኝ «አመሰግናለሁ፣ እርስዎስ?» አልኳት። አሁንም ሳስበው ፊቴ ይግላል። የሚቀጥለው ፈተና በመጪው ወር ነው። ይሄንን ከጣልኩ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደምጠብቅ እንጃ። ተጋብተን አብረን የኖርነው ዓመት እንኳ አይሞላም፤ ተለያይተን የኖርነው በልጦታል።

ዛሬ ጠዋት ባሌ ከሚሠራበት ዳቦ ቤት ሲወጣ ደወለልኝ። ሌሊት ነው የሚሠሩት። ቅንድቡ ላይ ዱቄት አለ። «ካውያዬ፣ ሞቅሽ?» አለኝ። ካውያ የሚለኝ ልብስ ተኳሽ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፣ ቶሎ ስለምግል ነው። ደግሞ እውነቱን ነው። እማማ፣ እናቱ፣ ከኋላዬ ሆነው «ምን በላ? እሱን ጠይቂው» ይላሉ። «በልቻለሁ በያት፣ ዳቦ ቤት የሚሠራ ሰው ይራባል እንዴ!» ብሎ ሳቀ። ሳቁ ጆሮዬ ውስጥ ሆኖ ነው ቀኑን ሙሉ የተኮስኩት።

ረቡዕ 8

መምህሩን ክፍሉ «ከንፈር» ብሎ ሰይሞታል። የሚያውቀው ትእዛዝ እሱ ብቻ ነው። «ኢ» እያላችሁ ከንፈራችሁን «ኡ» ለማለት እንደምትፈልጉ አሹሉት! ከንፈር! ከንፈር! የሚወጣው ድምፅ ኢም አይደል ኡም አይደል፣ መሀል መንገድ ላይ የቀረ ነገር ነው። «ኸ»ን ግን አመሰገነን፤ ከጉሮሮ ማውጣቱን ተክነንበታል።

የምሠራበት ላውንደሪ ውስጥ ባለው መስታወት ፊት ስለማመድ አንድ ደንበኛ ገባ። ከንፈሬን አሹዬ አየኝ። ደነገጠ፣ ፈገግ አለ፣ ክራቫቱን አስተካከለ። የላውንደሪው ባለቤት ጋሼ ወደ ጓዳ ጠርተው «እባክሽ ልጄ፣ ደንበኛ ላይ ከንፈር አታሹዪ፤ ባለትዳር ነው» አሉኝ። እኔስ ምንድነኝ ታዲያ!

ዓርብ 10

አልደወለም። ተኝቶ ይሆናል።

ቅዳሜ 11

ዛሬም የለም። ስልኩ ይጠራል፣ አይነሳም። ለእማማ «ኔትወርክ ነው» አልኳቸው። «ኔትወርክ ከሆነ እንዴት ይጠራል?» አሉኝ።

እሑድ 12

ሸሚዙን ተኮስኩት። ትቶት የሄደው ሰማያዊ ሸሚዝ ነው። በየእሑዱ እተኩሰዋለሁ፣ ማንም ሳይለብሰው ሳምንቱን ይሰቀላል፣ እንደገና እተኩሰዋለሁ። እማማ አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ። ዛሬ ኮሌታው ላይ ስደርስ ካውያውን አስቀመጥኩ። ቁልፎቹን አንድ ባንድ ቆለፍኳቸው፣ መልሼ ፈታኋቸው። ምን ይሉታል ይሄን?

ማክሰኞ 14

ደወለ! ተመስገን! ሥራ በዝቶበት ነው፣ ስልኩ ወድቆበት ካሜራው ተበላሽቷል፣ ስለዚህ ድምፅ ብቻ። እኔ ልቆጣው አፌን ስከፍት ቀደመኝ። «ስሚኝ፣ አስቤበታለሁ። ፈተናሽ እስኪያልፍ ድረስ እኔና አንቺ በጀርመንኛ ብቻ ነው የምናወራው። አንዲት የአማርኛ ቃል አትወጣም። የጣለሽ ንግግሩ ነው አይደል? ጽሑፍም አንላላክም፣ በድምፅ ብቻ።»

እንዴት ያለ ሰው ነው! እኔ እዚህ ሳኮርፍ እሱ እዚያ ስለ ፈተናዬ ይጨነቃል። «እሺ» አልኩት። «ያ» አለኝ፣ አዎ ማለቱ ነው። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሕጉ ጸና።

ድምፁ ደክሟል። ሌሊት መሥራት ቀልድ አይደለም።

ሐሙስ 16

ላውንደሪ ውስጥ ለስም ፆታ ዘዴ አገኘሁ። የልብስ ምልክት የምንጽፍባቸው ባለቀለም ወረቀቶች አሉን። ለወንዱ ዴር ሰማያዊ፣ ለሴቷ ዲ ቀይ፣ ከሁለቱም ላልሆነው ዳስ አረንጓዴ። እየተኮስኩ ስሙን ጽፌ በመርፌ ቁልፍ እሰካለሁ፣ ሳጥፈው እነቅላለሁ። ግን ምን ዓይነት ሕዝብ ነው? ሱሪ ሴት ናት። ጉርድ ቀሚስ ወንድ ነው። ሸሚዝ ከሁለቱም አይደለም። ጋሼ ይሄን ስነግራቸው ካውያውን አስቀምጠው ሳቁ። «ለባሹን ሳይጠይቁ ነው እንዴ ያወጡለት?»

ቅዳሜ 18

ጉድ ፈላ። የጠበቃው ጃኬት ላይ «ዲ ያከ» የሚል ቀይ ወረቀት ሳልነቅል አስረክቤዋለሁ። ሰውየው እሱን ጀርባው ላይ ሰክቶ ችሎት ቆሟል! የባላጋራው ጠበቃ «የተከበረው ባልደረባዬ ዋጋው ተለጥፎበታል» ብሎ አስቆበታል። ዛሬ ወረቀቱን ይዞ መጣ። መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ጋሼ በእኔ ፋንታ ተማጸኑት። ጠበቃው ሲወጣ ዞር ብሎ «ለመሆኑ ምን ማለት ነው?» አለኝ። «ጃኬት» አልኩት። «ይሄንንማ አውቃለሁ» ብሎ ሄደ።

ይህን ለእሱ ብነግረው እንዴት በሳቀ ነበር። ልነግረው ሞከርኩ፦ «የጠበቃው ጃኬት። ወረቀት። ቀይ። ችግር።» «ጉት»፣ ጥሩ፣ አለኝ። ጉት! «የአየሩ ሁኔታ እንዴት ነው?» አልኩት። ቀዝቃዛ ነው። እዚህም ዝናብ ነው። ቹስ፣ ደህና ሁን። ቹስ።

ሰኞ 20

ማወቅ ያለብኝን ሁሉ ያሳውቀኛል። ጠረጴዛው ትልቅ ነው። ወጥ ቤቱ ትንሽ ነው። አውቶቡስ በሰዓቱ ይመጣል። ሥራ ጥሩ ነው። ድሮ አንድ ሰዓት አውርተን «ምን አወራን?» እንባባል ነበር፤ አሁን ሁሉንም አስታውሰዋለሁ። መማሪያ መጽሐፋችን ውስጥ ስላለ።

እማማ ስልኩን ተቀበሉኝ። «ግሩስ ጎት፣ ማማ» አላቸው። እማማ ስልኩን ራቅ አድርገው አዩት፤ ልጃቸው እዚያ ውስጥ እንዳለ የሚጠራጠሩ ይመስል። «እንደ እንግዳ ሰላም አለኝ» ብለው መለሱልኝ። ቆየት ብለው ደግሞ «ድምፁ ታሟል» አሉ።

«እማማ፣ ጀርመንኛ እኮ እንደዚህ ነው። ሁሉንም ሰው ጉንፋን ያስመስላል።»

«እኔ ቋንቋውን አላልኩም» አሉ። ከዚያ በኋላ አላነሱልኝም፣ እኔም አልጠየቅኳቸው።

ሐሙስ 23

ዛሬ የሰውነት ክፍሎችን ተማርን። ሐኪምና በሽተኛ ሆነን መጫወት። «ቫስ ቱት ዲር ቬ?» ማለት «ምንህን ያምሃል?» ነው። ቤት ስገባ እየደጋገምኩ ነበር፤ እማማ «ምንድነው እንደሱ እንደ ጸሎት የምትደጋግሚው?» ሲሉኝ ትርጉሙን ነገርኳቸው። አንድ ሁለቴ አስባሉኝ።

እሱ ሲደውል ቶሎ ጀመርኩ።

«ቫስ ቱት ዲር ቬ?»

ዝም አለ። ያልገባው መስሎኝ ደገምኩት። ከዚያ በጣም ቀስ ብሎ፦ «ዲ ሃንት» አለ። እጄን። «ዲ ሬኽተ ሃንት። ዲ ፊንገር።» ቀኝ እጄን። ጣቶቼን።

ደስ አለኝ! መጽሐፉ ከራስ ነው የሚጀምረው፤ እሱ ግን ከራሱ አውጥቶ መለሰ፣ ቅጽሉን እንኳ አልሳተም። «ዜር ጉት!»፣ በጣም ጥሩ፣ አልኩትና የሐኪሙን መዝጊያ ነገርኩት፦ «ጉተ ቤሰሩንግ»፣ ምሕረት ያምጣልህ። በሌላው በኩል የሆነ ድምፅ ተሰማ፣ ሳቅ ይሁን ሳል አልለየሁትም። ትወና ይችልበታል የኔ ሰው።

እሑድ 26

ካሜራው ተሠራለት መሰለኝ፣ ዛሬ ለአፍታ ፊቱን አየሁት። ፊቱን ብቻ፣ በጣም ቀርቦ። ጢሙን አሳድጓል። አላማረበትም። ከስቷል። «ዋሩም?»፣ ለምን፣ አልኩት በእጄ አገጬን እየነካሁ። «ሞደ» አለኝ። ፋሽን ነው! ድሮ በየቀኑ የሚላጭ ሰው። ወዲያው ጠፋ።

አሁን የሚደውለው እኩለ ቀን ላይ ነው። ፈረቃው ተቀይሮ ይሆናል። ያ ደግሞ ለእኔ ተመቸኝ።

ማክሰኞ 28

የጀርመንኛ ደስ የሚል ነገር ዛሬ አገኘሁ። «ምክንያቱም» ሲሉ ግሱን ወስደው መጨረሻ ላይ ይጥሉታል። ክፍሉ ሁሉ አጉረመረመ። እኔ ግን እንደ ዘመድ ነው ያየሁት፤ እኛስ ግሳችንን የት ነው የምናስቀምጠው? መናገር ስንጀምር ሰው እስከ መጨረሻ መጠበቅ አለበት።

እሱን ፈተንኩት። «እኩለ ቀን ላይ ለምን ትደውላለህ?»

«ቫይል ኢኽ ጻይት ሃበ።» ጊዜ ስላለኝ።

አንዲት ስሕተት የለም! ግሱ መጨረሻ ላይ ጠብ! ለከንፈር ብነግረው ይደሰታል።

ዓርብ 1

ከንፈርን «አይዞህ በጀርመንኛ ምን ይባላል?» ብዬ ጠየቅኩት። ጣሪያውን አየ። አንዱን ነገረኝ፣ ራሱ ነቀፈው። ሁለተኛውን ነገረኝ፣ እሱ ለስፖርተኛ ነው አለ። ሦስተኛውን ለልጅ ነው የሚሉት አለ። በመጨረሻ «ትከሻውን ትነኪዋለሽ» አለኝ።

ከሩቅ ትከሻ እንዴት ይነካል?

ናፈቀኝ። በቃ፣ እዚህ ማንም ስለማያየኝ ልጻፈው፤ ናፈቀኝ። እጁ ናፈቀኝ፣ ዱቄት የሚሸተው። «ካውያዬ» ማለቱ ናፈቀኝ። አሁን «ማይነ ፍራው» ነው የሚለኝ። ሚስቴ ማለት ነው። የሁሉም ሰው ሚስት እንደዚያ ነው የምትባለው።

ሰኞ 4

ፈተና ላይ አብራኝ የምትጣመረው አንዲት ነርስ ናት፣ የክፍላችን ጎበዝ። ሻይ ስንጠጣ ስለ ሕጋችን ነገርኳት። እሷ ግን አልሳቀችም። «ባል ሚስቱን በማትችለው ቋንቋ ብቻ ሲያናግራት የማይነግራት ነገር አለ» አለችኝ።

«የኔ እንደዚያ አይደለም።»

«እሱን አላልኩም» አለች። ሁሉም ሰው ሰሞኑን «እሱን አላልኩም» ይለኛል።

እኔ አላመንኳትም። ጢሙን ለማን ነው ያሳደገው ግን?

ረቡዕ 6

ሕጉን ጣስኩ። «እባክህ፣ አንድ ቃል በአማርኛ። አንዲት ብቻ። ስሜን ጥራኝ።» «ናይን። ፕሩፉንግ» አለ። አይሆንም፣ ፈተና። ድምፁ ተሰበረና ዘጋው።

ደሜ ፈላ። ከሌላ ሰው ጋር ነው አልኩ። አይደለም አልኩ። ነው አልኩ። የሠርገኛ ነጭ ሸሚዝ እጅጌ ላይ የካውያ ቅርጽ ታትሞ አገኘሁት። ጋሼ ሮጠው መጡ፤ ሊቆጡ ነበር፣ ፊቴን ሲያዩ ካውያውን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ነቀሉት። «ሂጂ ቤትሽ። ልጄ፣ ፈተናውን እለፊና ይሄ ነገር ያብቃ» አሉኝ። እናቴም በሕይወት ብትኖር እንደዚያ ነበር የምትለኝ።

እማማ ዛሬ ምግብ አልቀመሱም። እኔም።

ዓርብ 8

ነገ ነው። ስሜ... እባላለሁ። ልብስ ተኳሽ ነኝ። አግብቻለሁ። ልጅ የለኝም። መዝናኛዬ ማንበብና መዋኘት ነው። (ዋኝቼ አላውቅም። ከንፈር ነው «መዋኘት በሉ፣ ቀላል ቃል ነው» ያለን።)

ካለፍኩ እሄዳለሁ። እሄድና ፊቱን አይቼ እጠይቀዋለሁ። ሌላ ሰው ካለም በአማርኛ ይንገረኝ።

ቅዳሜ 9

ከፈተናው አሁን ገባሁ።

ማንበቡ ደህና ነበር። መስማቱም። ከሰዓት በኋላ ንግግር። ራሴን አስተዋወቅሁ፣ ዋኘሁ፣ ፈታኟም ፈገግ አለችልኝ። ከዚያ ካርድ መጣ። ርዕስ፦ ጤና። የእኔ ካርድ ላይ የእጅ ሥዕል። እኔ እጠይቃለሁ፣ ነርሷ ትመልሳለች። ቀላል ነው። ስንት ቀን የተለማመድነው ነው።

«እጅሽን ያምሻል?» አልኳት።

ነርሷ ቀኝ እጇን በግራዋ ደገፍ አድርጋ ፊቷን አጨማደደች። «ያ» አለች። «ዲ ሬኽተ ሃንት። ዲ ፊንገር።»

ቀኝ እጄን። ጣቶቼን።

ይህንን መልስ ሰምቼዋለሁ። መጽሐፉ ውስጥ የለም። ከስልክ ውስጥ ነው የሰማሁት፣ ቀስ ብሎ፣ ከረጅም ዝምታ በኋላ። የጠፋባቸው ቀናት። ጽሑፍ መላክ ያቆመው። ጢሙ። «ጊዜ ስላለኝ»። ሁሉም ባንዴ መጥቶ ፊቴ ተደረደረ። እኔ ምን አልኩት? ዜር ጉት አልኩት! የኔ ነገር! ባሌ አመመኝ ሲለኝ ጎበዝ አልኩት!

ፈታኟ «ቢተ» አለች፣ ቀጥይ። አሁን የሚባለው ጉተ ቤሰሩንግ ነው። አልወጣም። ነርሷ በዓይኗ ትገፋፋኛለች። በመጨረሻ «ኤስ ቱት ሚር ላይት» አልኩ፣ አዝናለሁ፣ እንባዬም አብሮ ወረደ። ፈታኟ አንድ ነገር ጻፈች። ምንም ትጻፍ።

ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ደወልኩ።

«ሃሎ! ማይነ ፍራው! ቪ ቫር...» እንዴት ነበር ሊለኝ ነው።

«እጅህን አሳየኝ።»

«ቢተ?» ምን አልሽ ማለቱ ነው።

«ቢተህን ተወው። ቀኝ እጅህን አሳየኝ።»

ትንፋሹን ሰማሁት። ከዚያ ካሜራው ተከፈተ። ድሮም አልተበላሸም ነበር። ፊቱ መጣ፣ ጢሙ መጣ፣ ከዚያ እጁ። ሁለቱ ጣቶቹ የሉም። ሦስተኛው በፋሻ ተጠምጥሟል፣ አይታጠፍም። ሊጥ የሚያቦካው ማሽን ነው። እኔ ከመስታወት ፊት ከንፈሬን ሳሾል እሱ ሆስፒታል ነበር።

«ለምን?» አልኩት። ከዚህ በላይ ቃል አልመጣልኝም፣ በየትኛውም ቋንቋ።

«ብነግርሽ ፈተናውን ትጥይዋለሽ። ትመጫለሽ ብዬ ነው እዚህ ያለሁት። ደግሞ በአማርኛ ከጀመርኩ አለቅሳለሁ። በጀርመንኛ ማልቀስ አልችልም። ለዚያ ነው። ያን ቀን ስትጠይቂኝ ግን መዋሸት አቃተኝ፣ ነገርኩሽ።»

«ነግረኸኛል» አልኩት። «እኔ ነኝ ያልሰማሁህ።»

«ካውያዬ፣ ቀዝቀዝ በይ» አለኝ።

በደረጃው የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች እየዞሩ አዩኝ። ይዩኝ። «አይዞህ» አልኩት። «አይዞህ። አይዞህ።» ያጠራቀምኩትን ሁሉ።

እሑድ 10

«ለእማዬ አትንገሪ» ብሎኛል። ከእንግዲህ የሚደበቅ ነገር ይሰለቸኛል፣ ግን ቃሉን ጠበቅኩ፤ ራሱ ይንገራቸው ብዬ ስልኩን ሰጠኋቸው። እሱ ፈርቶ ነው መሰለኝ እንደ ልማዱ «ግሩስ ጎት፣ ማማ» ብሎ ጀመረ።

እማማ አላስጨረሱትም። ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየረገጡ፦

«ቫስ። ቱት። ዲር። ቬ።»

ከኔ የሰሙት ነው። ሁሉን ነገር ይዘውት ኖሯል።

«እማዬ፣ እጄን» አለ። በአማርኛ። «እጄን አሞኛል፣ እማዬ።» ሲያለቅስ ሰማነው። እማማ አላለቀሱም። «እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ» አሉት እስኪበቃው ድረስ።

ሐሙስ 21

አለፍኩ። ንግግር ላይ ለጥቂት ነው፣ ለጥቂትም ቢሆን አልፌያለሁ። ከንፈር እንኳን ደስ አለሽ ብሎ ጨበጠኝ። ጋሼ ለደንበኛው ሁሉ ይናገራሉ፣ ጠበቃውም ሰምቶ «ዲ ያከ!» ብሎ በር ላይ ጮኸልኝ። ኤምባሲው ቀጠሮ ሰጥቶኛል። እሱንም ዳቦ ቤቱ ወደ መሸጫው አዛውሮታል፤ በግራ እጁ ዳቦ ከረጢት ውስጥ መክተት እየተለማመደ ነው። «ሁሉም ሰው ተማሪ ሆኗል» ይላል። እኔ ስሄድ እማማ ሴት ልጃቸው ጋ ይገባሉ። እስካሁን ስለዚያ ሁለታችንም አላወራንም።

እሑድ 24

ሰማያዊውን ሸሚዝ ዛሬ አልተኮስኩትም። መቀስ ይዤ ቁልፎቹን አንድ ባንድ ቆረጥኳቸው። በምትካቸው እነዚያን ሲጫኗቸው ጠቅ ብለው የሚገጥሙትን አደረግሁለት፤ ጋሼ ከልብስ ሰፊ ወዳጃቸው አምጥተውልኝ ነው። ከኮሌታው እስከ ታች አስተካክዬ ሰፋኋቸው።

እማማ ቁጭ ብለው ያዩኝ ነበር። ስጨርስ ሸሚዙን ተቀበሉኝና ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ቀኝ እጃቸውን ከጀርባቸው ደብቀው በግራቸው ብቻ ሞከሩት። አንዱ እምቢ አላቸው፤ እንደገና ተጫኑት። ጠቅ አለ።